ሜትሩ የማያየው ክንድ

ክንድ አበጠ ሲባል ሁሉም ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ስንት ጨመረ? ሐኪሙ ይህን ይጠይቃል፤ ዘመድ ይህን ይጠይቃል፤ ባለ ክንዷም በልቧ የምታሰላው ይህንኑ ነው።

ታላቅ እህቴ የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት፣ የብብቷ የሊምፍ እጢዎች ወጥተው፣ የጨረር ሕክምናውም አልቆ «እፎይ» ባልንበት ሰሞን ግራ ክንዷ መክበድ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ መክበድ እንጂ ማበጥ አልነበረም። ቀለበቷ ጠበቃት። የሰዓቷ ማሰሪያ ሲወልቅ ቆዳዋ ላይ መስመር ትቶ መሄድ አመጣ። ሐኪሞቹ ሊምፌዴማ ነው አሉ፤ ሊምፍ የተባለው የሰውነት ፈሳሽ መመለሻ አጥቶ ሲጠራቀም የሚመጣ እብጠት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የልብስ ሰፊ ሜትርና አንድ ደብተር ከአልጋዋ አጠገብ ጠፍተው አያውቁም፤ ለኪዋም እኔ ነኝ።

በእነዚህ ዓመታት ካነበብኩትና በዓይኔ ካየሁት ተነስቼ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። የክንዱን መጠን ብቻ የሚነግር ልኬት ታማሚዋን ለማከምም ሆነ በታማሚዋ ላይ ለመፍረድ አይበቃም። ሁለት ክንዶች በሜትር እኩል ወጥተው አንደኛው ውሃ፣ ሌላኛው ስብ ሊሆን ይችላል። ያው አንድ ክንድም ቁጥሩ ሳይነቃነቅ ከዓመት ወደ ዓመት ውስጡ ሊለወጥ ይችላል። የጨመረው ምንድን ነው? ውሃ፣ ስብ፣ ጠባሳ ወይስ ጡንቻ? የሚሠራውን ሕክምና ከማይሠራው የሚለየው ይህ ጥያቄ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ደም በቀጫጭኖቹ ሥሮች ሲያልፍ ፈሳሽና ጥቂት ፕሮቲን ወደ ህዋሳቱ መሃል ያሾልካል። የመማሪያ መጻሕፍት ለብዙ ዘመን፣ አብዛኛው ፈሳሽ ተመልሶ ወደዚያው ደም ሥር ይገባል፤ ሊምፍ የሚወስደው ትራፊውን ነው ሲሉ ኖረዋል። ሌቪክ እና ሚሼል የተባሉ ሁለት የፊዚዮሎጂ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ሰፊ ግምገማ ይህን ገለበጠው፤ በአብዛኛው የሰውነት ክፍል የሾለከውን ፈሳሽ የሚመልሰው የሊምፍ ሥር ነው። እንግዲህ ብብት ላይ የተቆረጠው መንገድ ዋናው መመለሻ ነበር ማለት ነው።

ያም ሆኖ መንገዱ እንደተቆረጠ ክንድ ወዲያው አያብጥም። ቀሪዎቹ ሥሮች ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሸክሙን ችለው ይቆያሉ። ሁሉም ሴት ላይም አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ2013 ብዙ ጥናቶችን የደመረ አንድ ሥራ እንዳሳየው ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ ከ5 ሴቶች 1ዷ ገደማ የክንድ ሊምፌዴማ ያገኛታል። የብብት እጢዎቻቸው በሰፊው ከወጡት መካከል ቁጥሩ 20 በመቶ አካባቢ ሲሆን፣ ለምርመራ ያህል የመጀመሪያዎቹ ጥቂት እጢዎች ብቻ ከተነሱላቸው መካከል ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። ጨረር ዕድሉን ይጨምራል፤ የሰውነት ውፍረትም እንዲሁ።

እኔን ያስገረመኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ክንድ ውስጥ የቀረ ፈሳሽ ዝም ብሎ ተኝቶ አይቀመጥም። አካባቢው ይቆጣል። ሲዲ4 የሚባሉት የበሽታ መከላከያ ህዋሳት ወደዚያ ይጎርፋሉ፤ በእነሱ ቅስቀሳም ኮላጅን የተባለው ክር መሳይ ፕሮቲን እየተደራረበ ሥጋውን ያጠነክረዋል። የስብ ህዋሳትም ይበዛሉ፣ ይፋፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የአይጥ ጥናት ለዚህ ጥሩ ፍንጭ ሰጥቷል። ፕሮክስ1 የተባለው ዘረ መል አንዱ ቅጂ የጎደላቸው አይጦች የሊምፍ ሥራቸው ያፈስ ነበር፤ ካደጉ በኋላም ወፈሩ። ተመራማሪዎቹ ሊምፉን ወስደው የስብ ህዋስ ሊሆኑ በሚችሉ ህዋሳት ላይ ሲሞክሩት ወደ ስብነት ገፋቸው። ሊምፍ የቆመበት ቦታ ስብ የሚበቅልበት ቦታ ይሆናል ማለት ነው። ታማሚዋ ምን በላች፣ ምን አልበላች የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ዋናው ጉዳይ አይደለም፤ ሌላኛው ክንዷ ከስቶ ይህኛው ብቻ ሊሰባ ይችላልና።

ዓለም አቀፉ የሊምፎሎጂ ማኅበር በሽታውን ከ0 እስከ 3 ደረጃ ይከፍለዋል። በ0 ምንም አይታይም፤ መክበድና መጨነቅ ብቻ ሊሰማ ይችላል። በ1 እብጠቱ ክንድን ከፍ አድርጎ በማሳረፍ ይወርዳል። በ2 ከፍ ማድረጉ ብዙም አይረዳም፤ መጀመሪያ ላይ ሲጫኑት ሰርጎድ ይላል፣ እየቆየ ግን መሰርጎዱን ይተዋል። በ3 ቆዳው ይወፍራል፣ ይሻክራል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት እነዚህ ደረጃዎች ስለ መጠን ብዙም አያወሩም። የሚያወሩት ውስጡ ምን እንደሆነ ነው። በየቀጠሮው የምንመዘግበው ግን መጠኑን ነው።

ስለ ሜትር ክፉ መናገር አልፈልግም፤ ርካሽ ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ መብራት አይፈልግም። አሠራሩም ብልህ ነው። ከእጅ አንጓ ጀምሮ ወደ ላይ በየ4 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት ይደረግና ዙሪያው ይለካል። በሁለት ምልክቶች መካከል ያለው የክንድ ቁራጭ ጫፉ እንደተቆረጠ ሾጣጣ ይቆጠራል። የሁለቱን ዙሪያዎች ስኩዌር ትደምሩና የሁለቱን ብዜት ትጨምሩበታላችሁ፤ በቁመቱ አባዝታችሁ ለ12 ጊዜ ፓይ ስታካፍሉት ይዘቱ በሚሊ ሊትር ይመጣል። ቁራጮቹ ሲደመሩ ክንዱ ይሆናል።

ይህን ሒሳብ አንዴ በእጃችሁ ብትሠሩት ሜትር የሚይዝ ጣት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ታያላችሁ። ታችኛው ዙሪያ 28፣ ላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ቁራጭ 268 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። ሜትሩን ላላ አድርጌ ሁለቱንም በግማሽ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ባሰፋቸው 277 ይሆናል። ለአንድ ቁራጭ 9 ሚሊ ሊትር ምንም አይመስልም። ክንዱ ግን ወደ አሥር ቁራጭ አለው፤ በዚሁ ልክ ሁሉም ቦታ ላይ ከላላሁ ከምንም ተነስቶ 90 ሚሊ ሊትር ያህል «እብጠት» ተፈጠረ። ለዚህ ነው ለኪው አንድ ሰው፣ ሰዓቱም ተመሳሳይ፣ ክንዱ የሚያርፍበት ሁኔታም ተመሳሳይ ይሁን የሚባለው። እትዬ ይህን ከሰማች ወዲህ «ዛሬ እጅሽ ጠብቋል ላልቷል?» ሳትለኝ ክንዷን አትሰጠኝም።

በሽታ ነው ለማለት የሚያገለግሉት የቁጥር ወሰኖችም እርስ በርስ አይስማሙም። በሁለቱ ክንዶች መካከል የ2 ሴንቲ ሜትር ልዩነት፣ የ200 ሚሊ ሊትር ልዩነት፣ የ10 በመቶ ልዩነት፦ ሦስቱም በየጥናቱ ይሠራባቸዋል፤ ሦስቱም የሚለዩአቸው ሴቶች ግን አንድ አይደሉም። 200 ሚሊ ሊትር ለቀጭን ክንድ ብዙ ነው፤ ለወፍራም ክንድ ብዙም አይደለም። የምንሠራበት እጅ ከበሽታ በፊትም ቢሆን ከሌላው በጥቂቱ መብለጡ የተለመደ ነው። ክንድን ውሃ በሞላ ዕቃ ውስጥ ነክሮ የፈሰሰውን መለካትም አለ፤ ትክክለኛ ነው ይባልለታል፣ ግን ወለሉ ይርሳል፣ ቁስል ያለበትም ሰው አይነክርም። ፔሮሜትር የሚባለው መሣሪያ ደግሞ በኢንፍራሬድ ጨረር ክንዱን እየቃኘ ቅርጹን ያወጣል። ፈጣን ነው፤ ጣትም አይላላበትም።

ሁሉም የሚለኩት ግን አጥሩን ነው። የግቢን አጥር በሴንቲ ሜትር አስተካክሎ የለካ ሰው ውስጥ ማን እንደሚኖር ሊነግራችሁ አይችልም።

ደብተሬ ላይ የእትዬ ቁጥር ከአንድ ጊዜ በኋላ ረጋ። በሁለቱ ክንዶች መካከል ያለው ልዩነት ከ400 ሚሊ ሊትር ብዙም ሳይርቅ፣ አንዴ ትንሽ ከፍ፣ አንዴ ትንሽ ዝቅ እያለ ተቀመጠ። በሜትር ቋንቋ ይህ ጥሩ ዜና ነው። እትዬ ግን አልተቀበለችውም።

«ይሄ ክንድ የበፊቱ ክንድ አይደለም» ትለኛለች።

«እትዬ፣ ሜትሩ እኮ ያው ነው።»

«ሜትርሽን ተይውና እጅሽን አሳርፊበት።»

እጄን ሳሳርፍበት ልክ ነበረች። ድሮ ማታ አብጦ ጠዋት ይቀንስ የነበረው ክንድ አሁን ጠዋትም ማታም አንድ ነው። ድሮ አውራ ጣቴ ያስቀረው ጉድጓድ ቀስ እያለ ይሞላ ነበር፤ አሁን ጉድጓዱ ራሱ የለም። ከክርኗ በላይ ከውስጥ በኩል ወፍራም፣ ለስለስ ያለ፣ ስጫነው የማይሸሽ ነገር አለ። ወደ እጅ አንጓዋ ስወርድ ግን ትንሽ ውሃነት ይሰማኛል።

በዚያው ሰሞን ለክትትል በሄደችበት ቦታ አንድ ባለሙያ መዝገቧን አይቶ «እጅጌውን በደንብ አያደርጉትም ማለት ነው» አላት። ፈሳሹ እንዳይጠራቀም ክንድ ላይ የሚጠለቀውን ጠባብ መጭመቂያ እጅጌ ማለቱ ነው። እትዬ ያንን እጅጌ ሙቀት ሳትል፣ ማሳከክ ሳትል፣ ሰው ሲጠይቃትም ሳትደበቅ የምትለብስ ሰው ናት። ተናደድኩ፤ ግን ንዴቴ ውስጥ አንድ የሚጠቅም ሐሳብ ነበር። መጭመቂያ የሚያባርረው ፈሳሽ ነው። ስብ ሲጫኑት ወደ ሌላ ቦታ አይሄድም። ስለዚህ እጅጌ ተደርጎ ያልቀነሰ ክንድ ሁለት ነገር ሊናገር ይችላል፦ ወይ እጅጌው አልተደረገም፣ ወይ የሚጨመቅ ውሃ አልቀረም። ሁለቱን የሚለይ ነገር ሳይለካ የመጀመሪያውን መርጦ ታማሚዋን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ይህ በአንድ ሰው ላይ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ፤ ሊምፌዴማ ካለባቸው ሰዎች ጋር ጥቂት ካወራችሁ ያችኑ ዓረፍተ ነገር ትሰማላችሁ።

ወደ ውስጥ የሚያዩት መሣሪያዎች እዚህ ላይ ይመጣሉ። የመጀመሪያው ባዮኢምፒዳንስ ነው። ጋደም ትላላችሁ፣ እጅና እግር ላይ የሚለጠፍ ነገር ይደረጋል፣ ጨርሶ የማይሰማ ደካማ ኮረንቲ ይላካል። ብልሃቱ ኮረንቲው በብዙ ድግግሞሽ መላኩ ላይ ነው። ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው ኮረንቲ የህዋስን ሽፋን ጥሶ መግባት ስለማይችል በህዋሳት መካከል ባለው ፈሳሽ ብቻ ይሄዳል፤ ከፍተኛው ግን በህዋሱም ውስጥ ያልፋል። በሊምፌዴማ የሚጨምረው ይኸው በህዋሳት መካከል ያለው ፈሳሽ ነው። ፈሳሽ ሲበዛ ኮረንቲው በቀላሉ ያልፋል። የጤነኛው ክንድ ከታመመው ጋር ተነጻጽሮ ኤል-ዴክስ የሚባል ቁጥር ይወጣል፤ ከ10 ሲቀነስ እስከ 10 ሲደመር ያለው መደበኛ ተብሎ ሲሠራበት ቆይቷል፤ አሁን ግን ይበልጥ የሚታየው ሴትዮዋ ከራሷ መነሻ ቁጥር በ6.5 ከፍ ማለቷ ነው።

ይህ መሣሪያ ጊዜው ሲደርስ ወርቅ ነው። ሺላ ሪድነር የመሩት፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ጥናት ሴቶችን ከፍሎ ግማሾቹን በሜትር፣ ግማሾቹን በባዮኢምፒዳንስ ተከታተለ። ቁጥሩ ገና ከፍ ማለት ሲጀምር ለ4 ሳምንት መጭመቂያ እጅጌ ይሰጣቸው ነበር። ከእነዚህ መካከል በሜትር የተያዙት 19.2 በመቶ ወደ ሥር የሰደደ ሊምፌዴማ ሲሄዱ፣ በባዮኢምፒዳንስ የተያዙት ግን 7.9 በመቶ ብቻ ነበሩ። እጅጌው ያው እጅጌ ነው፤ የተለየው የታየው ነገርና የታየበት ጊዜ ነው። ውሃው ውሃ ሳለ መያዝ ይሉታል ይህ ነው።

ባዮኢምፒዳንስ ስብን አያይም። ስብ ኮረንቲ አያስተላልፍም ማለት ይቀላል። በቆየ ክንድ ውስጥ ውሃው ቀንሶ ቦታውን ስብና ጠባሳ ሲወስዱት የኤል-ዴክስ ቁጥር ሊወርድ፣ «እየተሻለ ነው» ሊመስልም ይችላል። ክንዱ ግን ያው ወፍራም ክንድ ነው። እንግዲህ ሜትሩ «ምንም አልተለወጠም» ይላል፣ ኮረንቲው «ተሻለ» ይላል፣ ባለ ክንዷ «ከፋ» ትላለች። ሦስቱም እውነታቸውን ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ዴክሳ ነው፤ የሚታወቀው በአጥንት መሳሳት ምርመራ ነው። ሁለት የተለያየ ኃይል ያላቸው ኤክስሬዮች ይላካሉ፤ አጥንት፣ ስብና ሌላው ሥጋ ሁለቱን ኃይሎች የሚያዳክሙበት መጠን ስለሚለያይ ማሽኑ ምስሉን ነጥብ በነጥብ እያነበበ ይለያቸዋል። የጨረሩ መጠን ትንሽ ነው። ለክንድ ሲሠራ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ክንዱ ከጎን ጋር ከተነካካ የክንዱና የደረቱ ስብ ይቀላቀላል፤ ትከሻ ላይ የሚሰመረው መቁረጫ መስመር በአንዱ ጊዜ ወደ ውስጥ፣ በሌላው ወደ ውጭ ከሄደ የሁለት ቀጠሮ ውጤት አይነጻጸርም። የእትዬ ምርመራ ሲሠራ ቴክኒሻኗ መስመሩን ለሁለቱም ክንዶች እኩል ቦታ ላይ ለማስመር ደጋግማ ስታስተካክል ሳይ ሥራዋን የምታውቅ ሰው እንዳገኘን ገባኝ።

ውጤቱ በግራም ነው የሚመጣው። ስብ ከውሃ ይቀላል፤ አንድ ሚሊ ሊትሩ 0.9 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ 270 ግራም ትርፍ ስብ ማለት 300 ሚሊ ሊትር ቦታ የያዘ ስብ ነው። ይህን ማካፈል ያልሠራ ሰው የዴክሳን ወረቀት ከሜትር ደብተር ጋር ቢያስተያይ ሁለቱ አይገናኙለትም። በእትዬ ግራ ክንድ ከትርፉ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስብ ሆኖ ተገኘ። የቀረው «ስብ ያልሆነ ለስላሳ ሥጋ» በሚለው ረድፍ ሥር ነበር።

እዚህች ረድፍ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ወረቀቱ ላይ ስታዩት ጡንቻ ይመስላችኋል። ዴክሳ ግን ጡንቻንና የእብጠት ውሃን መለየት አይችልም። ጤነኛ ስብ አልባ ሥጋ ራሱ 73 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፤ ለማሽኑ ሁለቱም አንድ ወገን ናቸው። ስለዚህ ያ ረድፍ ሲጨምር ክንዱ ጠንክሮ ነው ወይስ አብጦ? ዴክሳ ብቻውን አይመልስም። ባዮኢምፒዳንስ ከጎኑ ሲቀመጥ ግን ይመልሳል፦ የኤል-ዴክስ ቁጥር ዝቅ ብሎ ያ ረድፍ ከፍ ካለ ጡንቻ የመሆን ዕድሉ ይሰፋል፤ ሁለቱም አብረው ከፍ ካሉ ውሃ ነው። አንዱ ስብ አያይም፣ ሌላው ውሃን ከጡንቻ አይለይም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ግን ተያይዘው ጥሩ ምስክር ይሆናሉ።

ጡንቻ በታመመ ክንድ ላይ ይጨምራል ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። ይጨምራል። በስዊድን ማልሞ ከተማ የሚሠሩት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሆካን ብሮርሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት የዴክሳ ጥናት፣ ሲጫኑት በማይሰረጎድ የቆየ ሊምፌዴማ ክንድ ውስጥ ስቡም ጡንቻውም ከጤነኛው ክንድ በልጠው ተገኝተዋል። አንዱ ማብራሪያ ቀላል ነው፤ ከባድ ክንድ ቀኑን ሙሉ ማንሳት ራሱ ሥራ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ የቆየ ፍርሃት አለ፦ «በዚያ እጅሽ ምንም አታንሺ።» ካትሪን ሽሚትዝና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ሊምፌዴማ ያለባቸው 141 ሴቶች ላይ ያደረጉት ጥናት ይህን ፍርሃት አናግቶታል። በሳምንት ሁለት ጊዜ በክትትልና ቀስ በቀስ ክብደት ያነሱት ሴቶች እብጠታቸው ካላነሱት አልበለጠም። በሽታው የተባባሰባቸው እንዲያውም ጥቂት ነበሩ፤ ካነሱት 14 በመቶ፣ ካላነሱት 29 በመቶ። ስለ ልኬት ሳስብ ግን ይህ ጥናት ሌላ ነገርም ያሳስበኛል። ክብደት የምታነሳ ሴት ጡንቻ ታወጣለች። ሜትር ብቻ በያዘ ሰው ዓይን ያ ጡንቻ እብጠት ነው። ጥሩ የሠራችውን ሴት ሜትሩ ይቀጣታል ማለት ነው፤ ደንግጣ ብታቆምስ?

ሌሎቹን መሣሪያዎች በችኮላ ልለፋቸው። በ300 ሜጋኸርዝ የሚሠራ፣ ቆዳ ላይ ለአፍታ የሚነካ መሣሪያ ከቆዳ ሥር ከግማሽ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ድረስ ያለውን ውሃ ይለካል፤ ክንዱን በሙሉ አይነግርም፣ ግን የት ቦታ ውሃ እንዳለ በነጥብ ያሳያል። አልትራሳውንድ የቆዳንና ከቆዳ በታች ያለውን ውፍረት ያሳያል። ኤምአርአይ ስብንና ውሃን ለይቶ፣ ጡንቻውንም ከነሽፋኑ ለብቻው አድርጎ ያሳያል፤ ከሁሉም በላይ ያያል፣ ከሁሉም በላይም ያስከፍላል፣ ወረፋም ያስጠብቃል። ለየቀጠሮው የሚሆን አይመስለኝም።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የምወደው ግን አውራ ጣትን ነው። አንድ ቦታ መርጣችሁ ለአንድ ደቂቃ ያህል በደንብ ትጫኑና ጣታችሁን ስታነሱ የቀረውን ጉድጓድ ጥልቀት በሚሊ ሜትር ትለካላችሁ። የጉድጓዱ ጥልቀት ውሃው ነው። ጉድጓድ የለም ማለት ደግሞ ክንዱ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ ክንዱ ወፍራም ሆኖ ጉድጓድ ከሌለው የያዘው ስብና ጠባሳ ነው። አንድ ደቂቃ ሙሉ መጫን ረጅም ነው፤ አብዛኛው ሰው ሦስት ሰከንድ ተጭኖ «አይሰረጎድም» ብሎ ይጽፋል። አሁን ደብተሬ ላይ ከሜትሩ ቁጥር አጠገብ ሦስት ቦታ የጉድጓድ ጥልቀት፣ ከዚያም የእትዬ የሰውነት ክብደት ይጻፋል። ክብደቱ የተጨመረበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ሰው ሲወፍር ሁለቱም ክንዶች ይወፍራሉ፤ ያ ሳይጻፍ የታመመው ብቻ የጨመረ ይመስላል።

ሁለቱም ብብቶቻቸው የተነኩባቸው ሰዎች ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ማነጻጸሪያ የሚሆን ጤነኛ ክንድ የላቸውም። ለእነሱ ያለው ብቸኛ ማነጻጸሪያ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የነበረው የራሳቸው ክንድ ነው፤ እሱም ካልተለካ ጠፍቷል። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ሰው በአካባቢያችሁ ካለ፣ ከመግባቱ በፊት ሁለቱም ክንዶቹ ይለኩ፣ ክብደቱም ይጻፍ። ባዮኢምፒዳንስ ከተገኘ ደግሞ እሰየው። በዚያ ጭንቀት መሃል ማንም ሰው ስለ ክንድ ዙሪያ አያስብም፤ እኛም አላሰብንም፤ ያሳሰበንም አልነበረም።

የእትዬ የዴክሳ ወረቀት ከመጣ ወዲህ ንግግሩ ተለወጠ። ስብ ከሆነ በመጭመቂያም በማሸትም አይሄድም። የሊምፍ ሥርን ከደም መላሽ ሥር ጋር የሚያገናኘው ጥቃቅን ቀዶ ሕክምናም ለፈሳሹ መንገድ ይከፍታል እንጂ የተቀመጠውን ስብ አያነሳም። ስቡን የሚያነሳው ብሮርሰን እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ለሊምፌዴማ የሠሩበት መንገድ ነው፤ በቀጭን ቱቦ ስቡን መምጠጥ። ውጤቱ በዓመታት ክትትል ታይቷል፤ ትርፉ ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል። ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች ግን አሉት። አንደኛ፣ ክንዱ አሁንም ከ4 ወይም ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ የሚሰረጎድ ከሆነ መጀመሪያ ውሃው በመጭመቂያ ይውጣ፤ ውሃ ለመምጠጥ ቀዶ ሕክምና አይገባም። ሁለተኛ፣ የሊምፉ መንገድ አሁንም የተዘጋ ስለሆነ ከዚያ በኋላ መጭመቂያ እጅጌው ሌት ተቀን፣ ዕድሜ ልክ ይደረጋል። ከተተወ ክንዱ ተመልሶ ያብጣል።

ሐኪሟ ይህን አስረድተዋት ሲያበቁ «እጅጌውን ዕድሜ ልክዎን ማድረግ ይችላሉ?» ብለው ጠየቋት። እትዬ ዞር ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ሁለታችንም ሳቃችንን መቆጣጠር አቃተን፤ ሐኪሟ ግራ ገባቸው። እጅ አንጓዋ አካባቢ ያለው ውሃ ገና ስላልወጣ ለጊዜው የታዘዘላት ፋሻ ነው። ጉድጓዱ ሲጠፋ ዴክሳው ይደገማል፤ ቁርጡም ያኔ ይታወቃል።